እጅጌው ወርዶ ነበር

ባሏ በሞተ በዓመቱ አስተማሪዋ ካፖርቱን ሰማይ ላይ ሰቀለችው። የሚስቅ ቢኖር አይፈረድበትም፤ ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እንጂ ካፖርት አለኝ በሰማይ ሲባል ተሰምቶ አያውቅም። ነገሩ ግን እንዲህ ነበር።

ከመንደሩ ዳር አንድ የሣር ሜዳ አለ፤ ትንሿ አውሮፕላን በሳምንት አንድ ቀን መድኃኒትና ፖስታ፣ አንዳንዴም ሰው ይዛ የምታርፍበት። ማማ የለው፣ ሬዲዮ የለው። ያለው የቆርቆሮ መጋዘን፣ የጠባቂው ባለ ሁለት ክፍል ቤትና አንድ ረጅም የብረት ምሰሶ ነው። ምሰሶው ጫፍ ላይ ነፋሱን ለአብራሪው የሚያሳይ የጨርቅ ቱቦ ይሰቀላል። ክንድ የሌለበት የሸሚዝ እጅጌ ስለሚመስል ሰዉ ሁሉ «እጅጌው» ይለዋል። ነፋስ ሲገባበት ይሞላና ይዘረጋል፤ ነፋስ ሲጠፋ ምሰሶው ላይ ተለጥፎ ይንጠለጠላል። ሰው ከኋላው ሲገፉት ይሮጣል፤ አውሮፕላን ግን ነፋስ ከኋላው ሲገፋው መሬቱን አልለቅም ይላል። ስለዚህ አብራሪው ከመነሳቱ በፊት እጅጌውን አይቶ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ያዞራል። ነፋስ ከሌለ ደግሞ በቁልቁለቱ ወደ ወንዙ በኩል ይነሳል፤ ሜዳው ወደዚያ ትንሽ ያዘቀዝቃልና።

እጅጌውን ጠዋት መስቀል፣ ማታ ማውረድ የጠባቂው ሥራ ነበር። ጠባቂው ደግሞ የአስተማሪዋ ባል ነው። ረጅም፣ ቃል የሚቆጥብ፣ በበጋም በክረምትም አንድ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ካፖርት ከላዩ የማያወልቅ ሰው። «ኧረ ሙቀቱ አይገልህም?» ሲሉት፣ «ብርድ የሚገባበት ቀዳዳ ሙቀትም ያስገባል፤ ሁለቱንም ዘግቼባቸዋለሁ» ይል ነበር። አንድ ሰሞን ሳል ያዘው። ሳሉ ሳይለቀው እሱ ለቀቀ።

ሰው መጣ፣ አጽናና፣ ሄደ። አስተማሪዋ «ደህና ነኝ፣ አይዟችሁ» እያለች የሚያጽናኗትን አጽናንታ ሸኘች። ሆድ ይፍጀው የምትል ሴት ናት። ሳይንስ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ከሜዳው ማዶ ነው፤ በሣሩ ዳር ዳር ሄዳ፣ በሣሩ ዳር ዳር ትመለሳለች። «ሌላ ጠባቂ እስኪቀጠር ገመዱን እኔ እይዘዋለሁ» አለች። ሌላ ጠባቂ አልተቀጠረም። ገመዱም እሷ እጅ ቀረ።

ዓመት ሲሞላ የድሮው እጅጌ ተተልትሎ ክሩ ብቻ ቀረ። ከአውሮፕላኑ ድርጅት አዲስ ተጠየቀ፤ «ይላካል» ተባለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ተጠየቀ፤ አሁንም «ይላካል»። በመጨረሻ አብራሪው ራሱ መጣ። ይህን አብራሪ ሰው ሁሉ «ካፒቴን ነገ» ነው የሚለው። ደመና ካየ «ነገ» ይላል። ሣሩ ከረጠበ «ነገ»። ሞተሩ አንዴ ካስነጠሰ «ነገ»። ዕቃ ጫኙ «ክሬን»፣ አንድ ኩንታል በአንድ ትከሻ የሚያነሳና በአፉ ደግሞ ሁለት ኩንታል ወሬ የሚጭን ሰው፣ «ይሄ ሰውዬ ሊወለድ ሲል እናቱንም ነገ ብሏት ነው» እያለ ይስቅበታል።

«እትዬ፣» አለ ካፒቴኑ ያን ቀን፤ «ጨርቅ ይሁን እንጂ የፈለገው ይሁን። ያለ እጅጌ ግን አላርፍልሽም።»

ቤቷ ገባች። ከበሩ ጀርባ፣ መስቀያው ላይ፣ ካፖርቱ ባሏ እንዳወለቀው ነበር። አወረደችና ምላጭ ይዛ ተቀመጠች። ኮሌታው ተፈታ፣ ኪሶቹ ተፈቱ፣ ቁልፎቹ አንድ በአንድ ወደ ጣሳ ገቡ። ገበሩ ጋ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ።

ከብብቱ ሥር፣ ግራጫው ገበር ላይ፣ በጥቁር ክር የተሰፋ ቅዳጅ ነበር። እሷ ለክረምት ትምህርት ሄዳ ሳለ ባሏ በገዛ እጁ የሰፋው ነው። አንዱ ስፌት ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ። ስትመለስ አይታ፣ «ይሄን ደግሞ የትኛዋ ዶሮ ናት የጫረችው?» ብላ ስቃበታለች። እሱም ሳይናደድ፣ «ያልተቀደደ እንዲመስል አልሰፋሁትም፤ ብርድ እንዳያስገባ ነው» ነበር ያላት።

ምላጩን አስጠጋች። አልሆነም። ደግማ አስጠጋች። ከዚያ ምላጩን አስቀምጣ ገበሩን ከነስፌቱ ወደ ውስጥ አጥፋ፣ ሱፉን በላዩ ቱቦ አድርጋ ሰፋችበት። ልብስ ሰፊ ቢያያት ይታዘባት ነበር፤ የነፋስ እጅጌ በረደኝ አይል፣ ገበር ምን ያደርግለታል? አፉ ላይ የሽቦ ቀለበት አስገባች፤ ከሩቅ እንዲታይ ነጭ የአንሶላ ቁራጭ ዙሪያውን ሰፋችበት። በማግስቱ ሰቀለችው።

ክሬን ከመጋዘኑ ብቅ ብሎ አንጋጦ አየ። ካፖርቱን የማያውቅ ሰው አልነበረም። «እሰይ!» አለ፤ «ጋሼ ሥራ ገባ!»

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ፣ ገመዱን ስትስብ፣ ከመጋዘኑ በር «ጋሼ ዛሬም ሥራ ገብቷል» የሚል ድምፅ ይመጣል። እሷ አትስቅም፣ አትቆጣም። ማታ አውርዳ ከበሩ ጀርባ መስቀያው ላይ ትሰቅለዋለች። ገበሩ ውስጡ እንዳለ ግን ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ካፒቴኑ ከጥቂት ማረፍና መነሳት በኋላ፣ «ይሄ እጅጌሽ ትንሽ ይኮራል፣ እትዬ፤ በቀላሉ አይነሳም» አላት።

«እንደ ባለቤቱ ነው። ለወሬ አይነሳም።»

«ደግ። ለምጄዋለሁ። አንዴ ከተነሳ የምሩን ነው፤ ከወረደ ደግሞ የምር ነፋስ የለም።»

እንዲህ እየተግባቡ ወራት አለፉ።

በጋው ሲገፋ ሜዳው አቧራ ሆነ። አንድ ቀን ማታ እጅጌውን ስታወርድ አቧራውና የወፍ ኩሱ ታያት። ባሏ በቆሸሸ ካፖርት ሰው ፊት ቆሞ አያውቅም። ሳፋውን አወጣች፣ ውሃ ሞላች፣ ሳሙና ፈታች። ከሞተ ወዲህ የእሱን ልብስ ስታጥብ የመጀመሪያዋ ነው። ውሃው ጠቆረ፤ ቀየረች፤ እንደገና ጠቆረ። ስትጨምቀው ክንዷ እስኪዝል ተጠማዘዘ እንጂ ውሃውን አልጨርስ አለ። ከበሩ ጀርባ ሰቅላው ከሥሩ ሳፋውን አደረገች። እራቷን ስትበላ ጠብ፣ ጠብ ይላል። የተማሪ ደብተር ስታርም ጠብ፣ ጠብ ይላል። ቤቱ ውስጥ አንድ ሌላ ሰው ያለ መሰላት። ድምፁ እንዳያቋርጥ ብላ ወንበሯን እንኳ ቀስ አድርጋ ነበር የምታንቀሳቅሰው።

ጠዋት ሲነጋ አልደረቀም ነበር። አውሮፕላኗ ያን ዕለት ሜዳው ላይ አድራለች፤ ካፒቴኑ የዋዜማውን ደመና አይቶ «ነገ» ብሎ ነበርና። በየወሩ የሚመጣው የጥርስ ሐኪም ሥራውን ሲጨርስ፣ ወደ ምሳ ሰዓት ገደማ፣ ሊነሱ ተነጋግረዋል። እስከዚያ ፀሐይና ነፋስ ያደርቀዋል አለች በሆዷ። ከዚህ ምሰሶ የተሻለ የልብስ ማስጫስ የት ይገኛል?

ገመዱን ስትስብ ከበዳት። ድሮ ባሏ ከሥራ ደክሞት ሲገባ ካፖርቱን ከትከሻው ስታወልቅለት እንደሚከብዳት ከበዳት። እጅጌው ጫፍ ከደረሰ በኋላም ገመዱን ቶሎ አላሰረችውም፤ ክብደቱን በመዳፏ ይዛ ትንሽ ቆመች። ከዚያ አስራ ወደ መማሪያ ክፍሏ ሄደች።

የጥርስ ሐኪሙ ግን ቶሎ ጨረሰ። ከተመዘገቡት ሕመምተኞች ግማሾቹ ጉጠቱን አይተው ጥርሳቸው ተሻላቸው። «እንግዲያው እንሂድ» አለ። ካፒቴኑ ወጣ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሣሩ ደረቅ፣ ሞተሩ ደህና። እጅጌውን አየ፤ ምሰሶው ላይ ተለጥፏል። ነገ የሚያሰኝ ምንም ምክንያት አጣ።

አስተማሪዋ ስለ ማግኔት እያስተማረች ነበር። የሞተሩን ድምፅ ሰማችና ጠመኔዋን ያዝ አደረገች፤ ገና ነው ብላ ነበር። በዚያ ሜዳ ዳር የኖረ ሰው አውሮፕላን በየት በኩል እንደሚነሳ በጆሮው ያውቃል። ድምፁ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ወደ ወንዙ በኩል ሄደ። የክፍሉ መጋረጃም እንደ ሸራ ተነፍቶ ወደዚያው ወደ ወንዙ በኩል ተዘርግቷል። ነፋሱ ከአውሮፕላኗ ኋላ ነው። ይህን ያወቀችው ድምፁ ከመቋረጡ በፊት ነው። ሞተሩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ድንገት ተቋረጠ፤ ከዚያ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲገነጠል ዓይነት ድምፅ መጣ። ከዚያ ምንም።

ልጆቹ ፊቷን አዩ። «ተቀመጡ» አለች፤ እሷ ግን በሩ ጋ ደርሳ ነበር።

አውሮፕላኗ መሬቱን ሳትለቅ ሜዳውን ጨርሳ፣ ጎማዋ ቦዩ ውስጥ ገብቶ፣ በአፍንጫዋ ተተክላለች። የአፍንጫዋ ሽክርክሪት እንደ ጠወለገ ቅጠል ታጥፏል። ክሬን አስተማሪዋ ከመድረሷ በፊት ሁለቱንም ተሸክሞ አውጥቷቸው ነበር። የሞተ የለም። የካፒቴኑ የትከሻ አጥንት ተሰብሯል። የጥርስ ሐኪሙ የፊት ጥርሱ ወልቆ መሐረቡን አፉ ላይ ይዟል። ከተሰበሰበው ሰው መካከል «የሰው ጥርስ ሲነቅል ኖሮ…» ብሎ የጀመረ ነበር፤ ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው።

ካፒቴኑ ሣሩ ላይ ተቀምጦ፣ ደም ከቅንድቡ እየወረደ፣ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማል። «እጅጌው ወርዶ ነበር። ወርዶ ነበር እኮ።»

ሁሉም ዞሮ ወደ ምሰሶው አየ። ነፋሱ በዚያች ሰዓት በርትቶ ነበር። እጅጌው ከምሰሶው ተላቆ፣ ከብዶትም ቢሆን፣ ወደ ወንዙ በኩል ተነስቷል። ሰዉ እጅጌውን አየ፤ ካፒቴኑን አየ፤ እርስ በርሱ ተያየ። ክሬን ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳ፤ በአፍንጫዋ የተተከለችው አውሮፕላን፣ ከጀርባዋ ምሰሶው፣ ከላይ የተነሳው እጅጌ።

አስተማሪዋ ወደ ልጆቹ ተመለሰች። ሲመሽ እጅጌውን አውርዳ ዳበሰችው። ከላዩ ደርቋል። ገበሩ ግን አሁንም ውሃ አዝሏል።

ወሬ እግር አወጣ። በሱቁ ደጃፍ፣ በወፍጮ ቤቱ፣ በመምህራኑ ማረፊያ አንድ ወሬ ነው። «ካፒቴን ነገ አንድ ቀን ዛሬ ቢል አገር ተገለበጠ» ይላል አንዱ። «ዓይኑ ደክሟል፤ ዕድሜ ነዋ» ይላል ሌላው። «ዓይኑ ሳይሆን ጠርሙሱ ነው» የሚልም አልጠፋ። እሷ ከሱቁ ስኳሯን ይዛ ትወጣለች። ልጇ ሩቅ ከተማ ነው የምትኖረው፤ እሑድ ደወለች። «እማዬ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?» አስተማሪዋ አፏን ከፈተች። ምሰሶው በመስኮቱ ይታያል። «ምንም የለም፣ ልጄ። ሁሉ ደህና ነው።»

ነገሩን መናገር ቀላል ይመስላል፤ ካፖርቱን አጠብኩት፣ እርጥቡን ሰቀልኩት ማለት ነው። ግን አንድ ሰው «ሱፍ ብቻውን ይህን ያህል ይከብዳል?» ማለቱ አይቀርም። ከዚያ ገበሩ ይመጣል። ከገበሩ በኋላ ስፌቱ። ከስፌቱ በኋላ እሷ ራሷ። የደበቀችው ሁሉ ወፍጮ ቤት ይገባል፤ በየሰዉ አፍ እየተፈጨ፣ «ምስኪን» እየተባለ። ካፖርቱም መወሰዱ ነው።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መርማሪ መጣ፤ ወጣት፣ ጫማው የጸዳ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ። ካፒቴኑም ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ አብሮት መጣ። መጋዘኑ ውስጥ ጠረጴዛ ተዘረጋ። መጀመሪያ ክሬን ተጠየቀ፤ ጭነቱ ከልክ አላለፈም ብሎ ማለ። ከዚያ እሷ ተጠራች።

«እማማ፣ ይቀመጡ።»

«እማማ?» አለ ክሬን ከበሩ። «ወንድሜ፣ ተጠንቀቅ። ተማሪዋ ሳለሁ ገርፋኛለች፤ እጇ ገና የሃያ ዓመት ነው።»

መርማሪው ሳይስቅ ፈገግ አለ። «ያን ቀን ጠዋት ገመዱ ተጠላልፎ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ቀለበቱ ተጣሞ?»

«አልነበረም።»

«ዝናብ ዘንቦ ነበር?»

«አልዘነበም።»

ሁሉም እውነት ነበር። መርማሪው ፎቶውን አሳያት። «ይሄው ተነስቷል። ካፒቴኑ ደግሞ ወርዶ ነበር ይላል። የአየር ጠባይ ጣቢያው ነፋስ ነበር ይላል፣ ሕዝቡ ነፋስ ነበር ይላል። እኔ ምን ልበል?» ትከሻውን ነቀነቀ። «የማብረር ፈቃዱ መነጠቁ አይቀርም።»

ስትወጣ ካፒቴኑን ከመጋዘኑ ግድግዳ ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘችው። ለመነሳት ሞከረ፤ «በሞቴ፣ ተቀመጥ» አለችው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «የዓይን ሐኪም አየኝ፤ ዓይንህ ደህና ነው አለ። ዓይኔ ደህና ከሆነ እንግዲህ ጭንቅላቴ ነው። ሌት ተቀን እሱን ነው የማየው፤ እንዲህ ተለጥፎ፣ ውልፍት ሳይል። ሰው ሁሉ ግን ተነስቶ ነበር ይለኛል።» ያልተሰበረውን እጁን አየ። «ፈቃዱን ይውሰዱት፣ ግድ የለም። ባይወስዱትም ከእንግዲህ አልነሳም። ያየሁትን ማመን ካልቻልኩ በምን ልነሳ?»

«ሻይ ላምጣልህ?» አለች።

«አይ። ይቅርብኝ።»

ቤቷ ገባች። ካፖርቱ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ፊት ለፊቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ይህ ሰው ባለፈው ዓመት ባሏ ሲቀበር ከሩቅ መጥቶ፣ ቃል ሳይናገር፣ ከኋላ ቆሞ የሄደ ሰው ነው። ዕድሜ ልኩን «ነገ» እያለ ስንቱን ከነነፍሱ አደረሰ። አሁን የገዛ ዓይኑን ተቀምቶ ግድግዳ ሥር ተቀምጧል። የቀማችው ደግሞ እሷ ናት። ዓይኑን መመለስ ትችላለች፤ ሆዷ ግን ካፖርቱን ይዞ አልለቅም አለ። ምድጃው እስኪበርድ ተቀመጠች። ያን ዕለት ጠብ የሚል ነገር አልነበረም። ቤቱ ጭር ብሏል።

ጠዋት የመጋረጃዋ ጫፍ ሲንቀሳቀስ አየች። ነፋሱ ያን ቀን እንደነበረው ነው። ሳፋውን አወጣች፣ ውሃ ሞላች፣ ካፖርቱን ከመስቀያው አውርዳ ነከረችው። ስትጨምቀውም ያኔ እንደጨመቀችው ነው፤ አልጨመረች፣ አልቀነሰች። አቅፋው ወጣች። ውሃው ቀሚሷን አልፎ እግሯ ድረስ ወረደ።

መርማሪው ሜዳው ላይ የጎማውን ዱካ በሜትር ይለካል። ካፒቴኑ ራቅ ብሎ ቆሟል።

«ልጄ፣» አለች፤ «ጊዜ ካለህ አንድ ነገር ላሳይህ።»

ክሬን ሊያግዛት ገመዱን ተቀበለ። «ኧረ እትዬ! ምን ከተትሽበት፣ ድንጋይ?» አለና ፊቷን አይቶ አፉን ዘጋ። ሳበ። እጅጌው ውሃ እያንጠባጠበ ወጣ፤ ጫፍ ደረሰ።

ሣሩ ወደ ወንዙ ተኝቷል። የዛፎቹ ቅጠል ይርገበገባል። የመርማሪው ወረቀቶች ከእጁ ሊያመልጡ ይታገላሉ። እጅጌው ግን ምሰሶው ላይ ተለጥፎ፣ ውልፍት ሳይል ተንጠለጠለ።

ካፒቴኑ ቀስ ብሎ መጣና ሥሩ ቆሞ አንጋጠጠ።

«ወርዷል» አለ። ወደ መርማሪው ዞረ፣ ወደ ክሬን ዞረ። «ወርዷል አይደል? ታያላችሁ? ወርዷል።»

«ወርዷል» አለ ክሬን።

ካፒቴኑ በደህናው እጁ ዓይኖቹን ሸፈነ።

«በዋዜማው አጥቤው ነበር» አለች አስተማሪዋ። «እስክትነሱ ይደርቃል ብዬ እርጥቡን ሰቀልኩት። ገመዱ ሲከብድ ተሰምቶኛል።»

መርማሪው እጅጌውን አስወርዶ በእጁ መዘነው። ደግሞ መዘነው። «ሱፍ ብቻውን ይህን ያህል ውሃ አይዝም፣ እማማ። ውስጡ ምን አለ?»

«ገበር አለው።»

«የነፋስ እጅጌ ገበር? ለምን?»

ይህች ናት የፈራቻት ጥያቄ። መጣች፤ ፊቷም ቆመች። አስተማሪዋ ወደ ሣሩ አየች። ሦስት ወንዶች ጠበቋት።

«ባሌ የሰፋበት ቦታ ነበር» አለች። «መፍታት አልቻልኩም።»

ክሬን ቆቡን አወለቀ።

መርማሪው ወደ ካፒቴኑ ዞረ። «ካፒቴን፣ ዛፎቹንም ማየት ነበረብህ። ይሄን እጽፋለሁ።»

«ጻፍ። ነበረብኝ፤ አልክድም» አለ ካፒቴኑ። ድምፁ ተለውጧል። «ያየሁትን ግን አይቻለሁ።»

«እጅጌውን መውሰድ አለብኝ። ተከፍቶ መታየትም አለበት» አለ መርማሪው፤ ቢላዋውን ከቦርሳው አወጣ።

«እኔ እፈታዋለሁ» አለች።

ምላጯን ከቤት አምጥታ መጋዘኑ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። የራሷን ስፌት ፈታች። ግራጫው ገበር ወጣ። ከብብቱ ሥር ያ ጥቁር ክር፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣ እንዳለ ነበር። የገበሩ ሁለት ድርብ እዚያ ላይ ተጣብቆ ስለነበር ያለ እሱ አይከፈትም። ምላጩን አስጠጋች። እጇ አልቆመም። አንድ ስፌት፣ ሌላ ስፌት፣ ሌላ። ክሩ ሳይበጠስ ተስቦ ወጣ፤ እጇ ላይም የባሏን ስፌት ቅርፅ እንደያዘ፣ ወዲያ ወዲህ እንደተጣመመ ቀረ። መዳፏን ጨበጠች። መርማሪው አይቷት ነበር፤ ጨርቁን ከረጢት ውስጥ ከቶ፣ ጎንበስ ብሎ አፉን ማሰር ጀመረ፣ ብዙ ጊዜም ፈጀበት።

መኪናው ሲሄድ ክሬን አጠገቧ ቆመ። «እትዬ፣ እኔ ጠዋት ጠዋት ጋሼ ሥራ ገብቷል እያልኩ ስቀልድ… ይከፋሽ ነበር?»

«አይ» አለች። ትንሽ ቆየችና፣ «እሱን ልሰማ ነበር እኮ ቶሎ የምወጣው» አለች።

ክሬን ባዶውን ምሰሶ አየ፤ ከዚያ ገብቶ መጋዘኑን ጠረገ፣ የተጠረገውን ደግሞ ጠረገ።

ሜዳው ተዘጋ። እሷ ጠዋት ነቅታ፣ ከልምድ፣ በመስኮት ወደ ምሰሶው ታያለች። ጣሪያው ይንቋቋል፤ ነፋስ አለ ማለት ነው። ከየት ወደ የት እንደሆነ የሚነግራት ግን የለም። በሣሩ ዳር ዳር ሄዳ፣ በሣሩ ዳር ዳር ትመለሳለች። ከመጋዘኑ በር ድምፅ አይመጣም። እንደፈራችው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ተወርቶ ይሆናል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እሷ ግን አልሰማችም። በሱቁ ደጃፍ ስትደርስ ሰዎች ቀደም ሲል ያደርጉት ከነበረው ትንሽ ቀልጠፍ ብለው ተራ ይለቁላት ጀመር። ይህን ብቻ ነው ያስተዋለችው።

ክረምቱ ሲወጣ «ይላካል» የተባለው እጅጌ ተላከ። ብርቱካናማ፣ ስስ፣ ገና ከላስቲኩ ሳይወጣ የሚንቀሳቀስ። ማታ ማታ ማውረድ አያስፈልግም፤ ዝናብ አያበላሸውም፣ እዚያው ይደር ተባለ። ክሬን ሰቀለው። «ይሄኛውስ ምን ያህል ይግደረደራል ስል፣» አለ፤ «ላለፈ ላገደመው ሁሉ ብድግ!»

ካፒቴኑ በሌላ አውሮፕላን መጣ፤ ፈቃዱ አልተነጠቀም። ሊነሳ ሲል ከሜዳው መሐል ቆመ። ቅጠሎቹን አየ። ደረቅ ሣር ነጭቶ ወደ ላይ በተነና አወዳደቁን አየ። በመጨረሻ እጅጌውን አየ። ከዚያ አጥሩ ዳር ወደ ቆመችው አስተማሪ ዞረ።

«ነገ?» አለችው።

«ዛሬ» አለ።

ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ተነሳ። ጎማው ሣሩን ሲለቅ አየች፤ ድምፁ እስኪጠፋ፣ ከጠፋም በኋላ፣ ቆማ ሰማች።

ወደ ማታ እግሯ በራሱ ወደ ምሰሶው ወሰዳት። የሚወርድ ነገር እንደሌለ ትዝ ያላት እጇ ገመዱን ከያዘ በኋላ ነው። ከላይ ብርቱካናማው እጅጌ ይጫወታል። ገመዱ መዳፏ ውስጥ ይርገበገባል፤ ክብደት ግን የለውም። ትንሽ ይዛው ቆየች። ከዚያ ለቀቀችው።